የጓሮው ባለቤት

እማሆይ አመተሥላሴ በአመድ የተሰመረው ክብ መሐል ገብተው መቋሚያቸውን ተከሉና "አልወጣም" አሉ።

ማዕረግ ዶማውን ከትከሻው አወረደ። ክቡን ያሰመረው እሱ ራሱ ነበር። ማለዳ፣ ሣሩ ላይ ያደረው ውርጭ ሳይቀልጥ፣ ከእማሆይ ምድጃ አመድ በጣሳ ዝቆ በገመድ እየለካ በትኖታል። አሁን አሮጊቷ መነኩሲት መሐሉ ላይ ሲቆሙ መስመሩ የጉድጓድ ምልክት መሆኑ ቀርቶ ለእሳቸው የታጠረ ቅጥር መሰለ።

"እማሆይ፣ የምንቆፍረው እኮ ለእርስዎ ነው" አለ።

"ለእኔ ከሆነ የማዘውም እኔ ነኝ። እዚህ አይቆፈርም።"

"ምነው? ምን አለው?"

"በጎቹ የሚያልፉበት ነው።"

የሥራ ባልደረባው ምስክር አካፋው ላይ ተደግፎ ሲያዳምጥ ቆይቶ ሳቀ። "በጎቹማ በላይ በኩል ነው የሚያልፉት፣ እማሆይ። ጠዋት ያ አውራ በግዎ ሲያባርረኝ መንገዱን በደንብ አሳይቶኛል።"

"ሳይወጋህ ቀረ? ምነው አንዴ ባቀመሰህ!" አሉ እማሆይ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ማዕረግና ምስክር የሞላሌ ሰዎች ናቸው። ፊት የውሃ ጉድጓድ ነበር የሚቆፍሩት። አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን የገቡ ልጆች ገጠር ለቀሩ ወላጆቻቸው ዘመናዊ ሽንት ቤት ማሠራት ከጀመሩ ወዲህ ግን ሥራቸው ወደ ፍሳሽ ማጠራቀሚያው ዞረ። ጉድጓዱን ይቆፍራሉ፣ ግድግዳውን በድንጋይ ይገነባሉ፣ ቱቦውን ይዘረጋሉ፣ ክዳኑን ይገጥሙለታል። ሰው "ሴፕቲክ" ይለዋል፤ እነሱንም "እነ ሴፕቲክ" የሚሏቸው አልጠፉም።

የእማሆይን ቤት ሥራ የሰጣቸው ልጃቸው ሰለሞን ነው። አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ መለዋወጫ ይሸጣል። ከእናቱ መኝታ ቤት ጋር የተያያዘች ትንሽ ክፍል አስገንብቶ ጨርሷል። ነጩ መቀመጫ ከነካርቶኑ ከገብስ ጎተራው አጠገብ ቆሟል። የቀረው ጉድጓዱ ብቻ ነው፤ እሱም ለገና ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከመምጣቱ በፊት ማለቅ አለበት። ሰለሞን የቸኮለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ኅዳር ላይ እማሆይ ከመንጋቱ በፊት ወደ እርሻው ዳር ሲወጡ ውርጩ አንሸራተታቸውና ወድቀው ዳሌያቸው ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ሲቆሙ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፤ ሲራመዱም መቋሚያቸው ቀድሟቸው ነው።

ቦታውን ማዕረግ ያለ ሐሳብ አልመረጠውም። ቤቱ ተዳፋት ላይ ነው። ከላይ በኩል ስስ አፈር የለበሰ አለት ነው። በግራ በኩል መንደሩ የሚቀዳው ምንጭ አለ፤ ከምንጭ አጠገብ የፍሳሽ ጉድጓድ ማዕረግ ምን ቢከፍሉት አይቆፍርም። በቀኝ በኩል የሰው ማሳ ነው። የቀረው ከቤቱ ኋላ ያለው ጓሮ ብቻ ነበር። ጓሮው ሁሉ ድንችና ጎመን ሲሆን ከወደ ዳር አንዲት ቁራጭ መሬት ሣር እንደለበሰች ቀርታለች። ማዕረግ ባያት ጊዜ ደስ አለው። የማንንም ድንች ሳይነቅል የሚቆፍርባት ባዶ ቦታ አገኘ።

"እባብም አለ" አሉ እማሆይ።

"በዚህ ብርድ?"

"አፈሩም እርጥብ ነው፤ ይናዳል።"

"እማሆይ፣ አንዴ በግ አንዴ እባብ ይሉኛል። ዋናውን ምክንያት ቢነግሩኝ እኮ እሰማለሁ።"

እማሆይ ቀና ብለው አዩት። ከንፈራቸው ተላቀቀ። የሆነ ነገር ሊናገሩ ነው ብሎ ማዕረግ ጠበቀ፤ ያን ጊዜ የደብሩ ደወል ከማዶ ተሰማ። እማሆይ አማተቡና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ቅዳሴ ሊገባ ነው። እስክመለስ አንዲት አካፋ አፈር እንዳታነሡ። ስመጣ እንነጋገራለን።"

"እሺ፣ እማሆይ" አለ ማዕረግ።

ይህን "እሺ" ሲል ምን ማለቱ እንደነበር በኋላ ራሱን ጠይቋል። ትልቅ ሰው ሲያዝ እሺ ይባላል፤ ያ ቃል መግባት ነው ወይስ ሰውየው ዘወር እስኪል ድረስ አንገት መድፋት፣ እሱም በደንብ አያውቀውም ነበር። እማሆይ ግን ቃል አድርገው ወሰዱት። ከክቡ ወጥተው በመቋሚያቸው እየተደገፉ ቁልቁል ወረዱ።

ምስክር በዓይኑ ሸኛቸው። "የጾም ቅዳሴ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይወጡም። እስከዚያ ምን እናድርግ? እኛም እንዘምር?"

"ለልጃቸው ልደውል።"

ኔትወርክ የሚገኘው ከላይ ካለው ትልቅ ቋጥኝ ላይ ነው። ማዕረግ ወጣና ደወለ። ከሰለሞን ጀርባ የመኪና ጥሩንባና የሰው ጩኸት ይሰማል።

"ጋሽ ሰለሞን፣ እናትዎ ቦታውን አልወደዱትም።"

"የቱን?"

"ከቤቱ ኋላ፣ ከድንቹ ቀጥሎ ያለችውን።"

"ሌላ ቦታ አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ? ቆፍር።"

"እምቢ ብለዋል እኮ።"

የሰለሞን ድምፅ ዝቅ አለ። "ስማኝ፣ ማዕረግ። እናቴ እምቢ የማትለው ነገር የለም። አዲስ አበባ ነይ እላታለሁ፣ እምቢ። ሠራተኛ ልቅጠርልሽ፣ እምቢ። ኅዳር ላይ ስትወድቅ ጎረቤት እስኪያገኛት ድረስ እዚያ ውርጭ ላይ ተኝታ ነበር። ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ሁለተኛ ስትወድቅስ ማን ያገኛታል? ብትቆጣም እኔን ትቆጣ። ለገና ስመጣ እንደ ንግሥት ተቀምጣ ላያት ነው የምፈልገው።" ሳቀ፤ ሳቁ ግን የደከመ ሰው ሳቅ ነበር።

ማዕረግ ሊዘጋ ሲል አንድ ነገር አስታወሰ። "ጋሽ ሰለሞን፣ ጓሮው ባለቤት አለው?"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ልማድ ነው። ሳንቆፍር እንጠይቃለን። ጓሮው ባለቤት አለው ወይ?"

"ባለቤቱማ እኔ ነኝ። አባቴ ያወረሱኝ ነው፤ የይዞታ ማረጋገጫውም አለን። ምነው፣ ጎረቤት ነገር አነሣ እንዴ?"

"ኧረ ማንም አላነሣም።"

"እንግዲያው በል ጀምር።"

ማዕረግ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጥያቄውን ያስተማሩት አምና ያረፉት የጉድጓድ ቆፋሪው ጋሽ መኳንንት ናቸው። በዚህ አገር ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይቀበርም። ወላጆቹ ከቤታቸው ኋላ ይቀብሩታል። ፍትሐት የለው፣ ለቅሶ አይደረስለት፣ ተዝካር አይወጣለት። በላዩም ሐውልት አይቆምም፤ ጓሮ ነውና ጎመን ሊበቅልበት ይችላል። ስለዚህ ጓሮ የሚቆፍር ሰው ዶማውን ከማንሣቱ በፊት "ባለቤት አለው ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። "አለው" ከተባለ የት ላይ እንደሆነ አይጠየቅም፤ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ጋሽ መኳንንት አንድ ነገር ይጨምሩ ነበር፦ "ሴቷን ጠይቅ። የቤቱን ትልቅ ሴት። ወንዱ አያውቅም፤ ቢያውቅም የለም ይልሃል።"

ማዕረግ ይህን ያውቃል። ለሥራ ሰው ቤት ሲገባም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነበር። ዛሬ ግን አልጠየቀም። ቆብ ከደፉ፣ ከዓለም ከተለዩ መነኩሲት ፊት የወሊድንና የሕፃንን ነገር ማንሣት ድፍረት መሰለው። እማሆይን ከቆባቸው በፊት የሰው ሚስት፣ የሰው እናት አድርጎ ለማየት አልደፈረም። ልጃቸውን ጠየቀ፤ ልጃቸው ስለ ይዞታ መለሰለት።

ወርዶ ለምስክር ሲነግረው ምስክር በሳቅ ወደቀ። "ባለቤቱ እኔ ነኝ አለ? ከነማረጋገጫው ተኝቶበታል በለኛ! አይ የአዲስ አበባ ሰው!"

ማዕረግም ሳቀ። ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ የመጀመሪያውን ዶማ አሳረፈ።

አፈሩ ጥሩ አፈር ነበር። ከላይ ጥቁር፣ ዝቅ ሲል ቡናማ፣ ድንጋይ የሌለው። ማዕረግ ይቆፍራል፣ ምስክር ይዝቃል። ፀሐይዋ ወጥታ ጀርባቸውን ታሞቃቸዋለች፣ ጥላ ያለበት ቦታ ግን ውርጩ አሁንም ነጭ ነው።

"እኔ የምልህ" አለ ምስክር፣ "ያን ነጭ መቀመጫ አይተኸዋል? እንኳን ለዚያ ጉዳይ፣ ለሠርጌም እንዲህ ያለ ነገር ላይ አልተቀመጥኩም።"

"ሠርግህ ላይ በርጩማ አልነበረም እንዴ?"

"በርጩማውን አማቼ ወሰዱት። እኔ ገብስ ከረጢት ላይ ነበርኩ።"

ማዕረግ እየሳቀ ዶማውን ሲያሳርፍ ዶማው "ቋ" ብሎ ተመለሰ። ሳቁን አቆመ። ድንጋይ በሌለው አፈር ድንጋይ። በአካፋው ጫፍ ዙሪያውን አጸዳው። ጠፍጣፋ ነው፤ ጠርዙ ሁሉ ልሙጥ። የዚህ ተዳፋት ድንጋይ ጥርሳም ነው። እንዲህ ያለ ልሙጥ ድንጋይ ያለው ከታች፣ ከወንዙ ነው። ወንዝ ደግሞ ሽቅብ ድንጋይ አያመጣም።

"ምንድን ነው?" አለ ምስክር።

ማዕረግ ዶማውን ወዲያ አስቀመጠና ተንበርክኮ ድንጋዩን በሁለት እጁ ከአንድ ጎኑ ቀና አደረገው። ከሥሩ ትንንሽ ድንጋዮች በጎናቸው ቆመው ጠባብ ሣጥን ሠርተዋል። ርዝመቷ ከአንድ ክንድ ብዙም አይበልጥም። ውስጧ የደቀቀ ጥቁር አፈር ነው። አጥንት አላየም። ከአፈሩ ጋር ተጣብቃ መዳፍ የምታህል የባና ቁራጭ ቀርታለች፤ እዚሁ መንዝ ከጥቁር በግ ጠጉር የሚሠራው ባና፣ ክሩ ገና ይታያል።

ድንጋዩን ቀስ ብሎ መለሰው።

ምስክር ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። ቆይቶ ምስክር "መልሰን እንድፈነው" አለ። "ሣሩን ከላይ እንትከልበት። አይተን አላየንም። ሲመለሱ ገና ልንጀምር ነው እንላለን።"

"ይህን ሁሉ አፈር ቆልለን?"

"ታዲያ ምን ይሻላል? እንሂድ?"

ማዕረግ የጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠ። "አትሂድ። ይምጡ። የሚሉኝን ይበሉኝ።"

ምስክርም አጠገቡ ተቀመጠ። ከመሬት ሣር እየነቀለ፣ ወደ ማዕረግ ሳያይ፣ "እኛም ቤት አለ" አለ። "ከማድ ቤቱ ኋላ። ወንድ ነበር፤ አርባ አልሞላውም። ሚስቴ ጌታነሽ እስከ ዛሬ እዚያ ጋ እጣቢ አትደፋም። እኔን ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ ግን የለም ነበር የምልህ።"



እማሆይ ቁልቁለቱን ጨርሰው ሽቅቡን ሲይዙ የተቆለለው አፈር ታያቸው። ማዕረግ ያየው መቋሚያቸው ሲቆም ነው። ቆሙ። ከዚያ እንደ ቀድሞው ቀስ ብለው መጡ። ማዕረግ ተነሥቶ እርግማን ጠበቀ፤ ጩኸትም ጠበቀ። እማሆይ ከጉድጓዱ አፍ ደርሰው ወደ ታች አዩ።

"ነካችኋት?"

"ድንጋዩን ነው፣ እማሆይ። ከፍቼ አይቼ መለስኩት።"

"በዚያ ዶማ?"

ማዕረግ የጠየቁት ምን እንደሆነ ገባው። የእሱ ዶማ የሽንት ቤት ዶማ ነው። ሞላሌ ሰው ሲሞት የዕድሩ ወንዶች ሁሉ መቃብር ለመቆፈር ሲወጡ እሱን "አንተ ድንኳን ትከል" ይሉታል። ተቀይሞ አያውቅም። ዛሬ ግን በዶማው አፈረ።

"ዶማው ድንጋዩን ነክቶታል። ከዚያ በኋላ በእጄ ነው።"

"እጅህን ታጥበህ ነበር?"

"አልታጠብኩም።"

እማሆይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ምን ታደርግ፤ አላወቅህ" አሉ በመጨረሻ። "ጠዋት ልነግርህ ነበር። አፌ አልታዘዝ አለኝ።"

"ልጠይቅዎ ይገባኝ ነበር። ቆብዎን አይቼ አፈርኩ።"

"ቆቡን የደፋሁት ኋላ ነው፣ ልጄ።"

ምስክር ከሳንቃ የተሠራች መቀመጫ ከቤት አምጥቶ አስቀመጣቸው። እማሆይ እግራቸውን ወደ ጉድጓዱ ዘርግተው ተቀመጡ። ሲናገሩም የሚያዩት ድንጋዩን ነበር።

"ሴት ናት። ምሥራቅ ነበር የምላት። ሰማንያዋ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አተኮሳት። የክርስትናዋ ጠላ ተጠንስሷል። ክረምት ነበር። ማታ ላይ ትንፋሿ ሲያጥር አባቷን 'ቄሱን ጥራልኝ፣ ቄስ ይድረስላትና ትጠመቅ' አልኩት። ወንዙ ሞልቷል፣ ሲነጋ አመጣቸዋለሁ አለኝ። ስትጨነቅ አየሁ፣ ደግሜ ለመንኩት። ሲነጋ አለኝ።" መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። "ነጋ።"

ከማዶ የበግ ድምፅ ይሰማል። ሁለቱም ወንዶች መሬት መሬት ያዩ ነበር።

"ድንጋዩን ከወንዙ በትከሻው ያመጣው እሱ ነው። ውሃው ሲጎድል ሄዶ፣ ለስላሳውን መርጦ አመጣ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ስሟን አላነሣም። ጠላውን ለደቦ አጠጣነው። ሰው ጠላሽ ጣፍጧል አለኝ።"

"ጋሽ ሰለሞን አያውቁም?" አለ ማዕረግ።

"እሱ የተወለደው ኋላ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ነው ብሎ ነው ያደገው። አባቱን ደግሞ እንደ ታቦት ነው የሚያየው። ምን ብዬ ልንገረው? አባትህ ወንዝ ፈርቶ እህትህ ሳትጠመቅ ቀረች ልበለው?" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ያን ክረምት ወንዙ ሰው ወስዷል። ሄዶ ቢሆን እሱንም ይወስደው ነበር ይሆናል፤ ሰለሞንም አይወለድም። ይህን አውቀዋለሁ። አልተቀየምኩትም ብል ግን እዋሻለሁ። ቆብ ደፍቼ ልዋሽ?"

"ኧረ አይዋሹ።"

"ቅዳሴ ላይ የሞቱት በየክርስትና ስማቸው ሲታሰቡ የአባቱን እጽፋለሁ፣ የእናቴን እጽፋለሁ። እሷ ምን ተብላ ትጻፍ? የላትም። እና ሣሩን አላሳጨድኩትም። ድንችም አላስተከልኩበትም። ሌላ ያደረግሁላት የለም።"

ማዕረግ በልቡ ቦታዎቹን እየዞረ ነበር። አለቱን፣ ምንጩን፣ የሰውን ማሳ። ደጋግሞ ዞረ፤ ሌላ ቦታ አልነበረም።

"እማሆይ፣ ይህን ከደፈንኩት ሽንት ቤቱ አይሠራም። ሌላ ቦታ የለኝም።"

"አይሠራ።"

"ውርጩስ? ዳሌዎስ?"

"እስከ ዛሬ በየት ወጣሁ? በዚያው እወጣለሁ። እሷ ላይ ተቀምጬ..." ቃሉን አልጨረሱትም። እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱና ቆይተው "ለሰለሞን አለት ገጠመኝ በለው" አሉ። "አለት ካልከው ያምናል። ከላይ በኩል አለት መሆኑን ያውቃል።"

ማዕረግ አለት ሳይኖር አለት ብሎ አያውቅም። ብዙ ቆፋሪ ዋጋ ለማስጨመር፣ ሥራ ለማራዘም የሚላት ቃል እሷ ናት። የእሱ ስም ከሞላሌ አልፎ መሐል ሜዳ የደረሰው ያቺን ቃል ስለማይል ነው። እማሆይን አየ። ወደ ቋጥኙ ወጣ፤ እማሆይም ይቅሩ ቢሏቸው እምቢ ብለው ከኋላው እየተጎተቱ፣ በምስክር ክንድ ተደግፈው ተከተሉት። ልጃቸው የሚለውን በጆሯቸው ሊሰሙ ፈልገዋል። ማዕረግ ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቀቀላቸው።

"እ፣ ማዕረግ! ምን ያህል ወረዳችሁ?"

"ጋሽ ሰለሞን፣ አለት ገጠመን።"

"ምን?"

"አለት። አይቆፈርም።"

ከስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። "አንተም? አንተን እኮ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም ብለውኝ ነው የቀጠርኩህ። ጠዋት ከዚህ ሌላ ቦታ የለም ትለኛለህ፣ ከሰዓት አለት ሆነ?"

"እውነቴን ነው።"

"ይሁን፣ አለት ይሁን። የመንገድ ሥራው ላይ ኤክስካቫተር የሚነዳ ወዳጅ አለኝ፤ አለት ለእሱ ቅቤ ነው። ነገ ጠዋት እልከዋለሁ። እናንተ ዕቃችሁን ሰብስቡ።"

ምስክር ወደ እማሆይ አየ። እማሆይ ወደ ማዕረግ አዩ። "ምንድን ነው የሚልከው?" አሉ በሹክሹክታ።

"ማሽን። የሚቆፍር ማሽን።"

"ድንጋዩንስ?"

ማዕረግ ያን ማሽን መንገድ ሥራው ላይ አይቶታል። በአንዴ የሚዝቀው እሱና ምስክር በግማሽ ቀን ከሚያወጡት ይበልጣል። ነጂው ከላይ ተቀምጦ ከአካፋው ውስጥ ምን እንዳለ እንኳ አያይም።

"ሃሎ? ማዕረግ? አለህ?"

ማዕረግ ስልኩን ከአፉ አራቀና በእጁ ሸፈነው። "እማሆይ፣ እኔ የምለው አለቀብኝ። ዋሸሁልዎት፣ ልጅዎ አላመኑኝም። እውነቱን ደግሞ እኔ ልናገረው አልችልም፤ የእኔ አይደለም።"

"አባቱን ይቀየማል።"

"ሊቀየሙ ይችላሉ።"

"እኔንም ይቀየማል። እስከ ዛሬ ደበቅሽኝ ይለኛል።"

"ሊሉም ይችላሉ።"

"ምንም አታጽናናኝም አንተ?"

"የማላውቀውን ልንገርዎት?"

"ሃሎ! ኔትወርኩ ነው እንዴ?" ይላል ስልኩ።

ማዕረግ ስልኩን ዘረጋላቸው። እማሆይ እጃቸውን ሰበሰቡ። ወደ ታች፣ ወደ ተቆለለው አፈር አዩ፤ ከዚያ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ስልኩን በሁለት መዳፋቸው ተቀበሉት። ማዕረግ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገውና ጆሯቸው ላይ አስያዛቸው።

"ሰለሞን" አሉ። "እኔ ነኝ። ... አይ፣ ደኅና ነኝ። አልወደቅሁም። ... አለት አይደለም፣ ልጄ። እኔ ነኝ አለት በል ያልኩት።" ትንፋሻቸውን ዋጡ። "ሰለሞን፣ አንተ የመጀመሪያ ልጄ አይደለህም። ታላቅ ነበረችህ።"

ከስልኩ ምን እንደተመለሰ ማዕረግ አልሰማም፤ ሊሰማም አልፈለገም። ቁልቁለቱን ወረደ። ምስክር እያለከለከ ደረሰበት።

"ምን ይል ይመስልሃል?"

"አላውቅም።"

"ቆፍሩ ካለስ? የሞተ ሞቷል፣ እናቴ ትበልጥብኛለች ካለስ? እውነቱን እኮ ነው የሚሆነው።"

"ሊሆን ይችላል።"

"እና ምን ልታደርግ ነው? መልሱን ጠብቅ እንጂ! ሥራው የሱ ነው፣ መሬቱም የሱ ነው።"

ማዕረግ ከእማሆይ በር ላይ ካለው ማሰሮ በጣሳ ውሃ ቀዳና እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ። ከላይ፣ ከቋጥኙ፣ የእማሆይ ድምፅ ይመጣል፤ አንዳንዱ ቃል ይሰማል፣ አንዳንዱን ነፋሱ ይወስደዋል። "... ሌሊት ነበር ... ዝናብ ... አይ፣ አባትህን እንዲህ አትበለው ..." ቀጥሎ ዝምታ። ዝምታው ረዘመ። ስልኩ ይቋረጥ፣ ልጅየው ያልቅስ፣ ይቆጣ፣ ከታች የሚታወቅ ነገር አልነበረም።

ማዕረግ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ተንበረከከ፤ ድንጋዩ እንዳይወላውል ጠርዙን በጠጠር ደገፈው። ከዚያ ወጣና የሰለሞንን መልስ ሳይጠብቅ አፈሩን መመለስ ጀመረ።